ድምፁን ዝጉና እዩት፦ ጃንሆይ ጃማይካ የገቡበትን ፊልም እንዴት እንመርምር

ባለፈው ሐሙስ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየን። ጃንሆይ ጃማይካ ሲገቡ የተቀረጸ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከሥሩ በትልልቁ «ንጉሡ ሕዝቡን አይተው አለቀሱ» የሚል ጽሑፍ አለበት። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን ጋሼ «እውነት ነው፣ አልቅሰዋል» አሉ። ልጁ ደግሞ «ኧረ ጋሼ፣ ፈርተው እኮ ነው! ለዛ ነው አልወርድም ያሉት» አለ። አቦሉ ላይ የተጀመረው ክርክር በረካው ተጠጥቶም አላለቀም። የገረመኝ ሁለቱም ያዩት ያንኑ ቪዲዮ መሆኑ ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅና እንደሱ ለሚጓጉ ሁሉ ነው። የድሮ ፊልም እንደ ምስክር አስቀምጣችሁ ልትጠይቁት የሚገባ ነገር ነው። ለመጠየቅ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ወይም ደህና ስልክ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሁለት ሦስት ምሽት ይበቃል።

መጀመሪያ ጉዳዩን ራሱን እንወቀው። ቀኑ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 21 ቀን 1966። ጃንሆይ ከትሪኒዳድ ተነስተው ኪንግስተን፣ ፓሊሳዶስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። ይጠብቃቸው የነበረው ሕዝብ ብዙ ጊዜ ወደ 100,000 ይገመታል። ከመካከሉ ጃንሆይን እንደ አምላክ የሚያዩ ብዙ ሺህ ራስታፈሪያን ነበሩ። ሕዝቡ የጥበቃውን መስመር ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ጃንሆይ በሩ ላይ ብቅ አሉ፣ ግን መውረጃ ስላልነበረ ተመልሰው ገቡ። በኋላ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታ መሪ ደረጃውን ወጥቶ አነጋገራቸውና ሕዝቡ መንገድ እንዲከፍት አደረገ። ያን ጊዜ ወረዱ። የተነጠፈው ቀይ ምንጣፍ፣ የተሰለፈው የክብር ዘብ፣ የተያዘው ፕሮግራም፣ ሁሉም ተበላሸ።

ለምን አከራከረ? ጃማይካ ነፃ ከወጣች ገና አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። ከጉብኝቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በፈረንጆቹ 1963፣ ኮራል ጋርደንስ በተባለው ቦታ ከተነሳው ግጭት በኋላ ፖሊስ ራስታዎችን በጅምላ ሲያስርና ሲደበድብ ነበር። እና መንግሥት አንድ የአገር መሪ ልቀበል ብሎ ተዘጋጀ፤ ራስታዎቹ ደግሞ አምላካችን መጣ ብለው ወጡ። ጉብኝቱ ካለፈ ሦስት ወር ሳይሞላ የኪንግስተን መንግሥት ራስታዎች የሚበዙበትን ባክ ኦ ዎል የሚባለውን ሠፈር በቡልዶዘር አፈረሰው። ስለዚህ ያ ፊልም ውስጥ ያለው ጥያቄ ንጉሡ አለቀሱ ወይስ ፈሩ ብቻ አይደለም። የማን እንግዳ ነበሩ? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉትና ፊልሙን ክፈቱ።

ቅጂውን ማግኘት

በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም የደረሳችሁን አትመርምሩ። ለምን እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። የድሮ ፊልም ምስል ቅርጹ ወደ ካሬ ይጠጋል፤ ወርዱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነው። ለስልክ ተብሎ ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ ከምስሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከግራና ከቀኝ ተቆርጦ ይጣላል። ጃንሆይ መሐል ላይ ይቀራሉ፣ አጠገባቸው የቆመው ሰው ግን የለም። እኛ ደግሞ በትክክል የምንፈልገው አጠገባቸው ማን እንደቆመ ነው!

ብሪቲሽ ፓቴ የተባለው የድሮ የእንግሊዝ የዜና ፊልም ድርጅት በፈረንጆቹ 2014 ወደ 85,000 የሚሆኑ የዜና ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ በነፃ ጭኗል። በዓመቱ የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ከሌላው የዜና ፊልም ድርጅት ከብሪቲሽ ሙቪቶን ጋር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጨምሯል። እዚያ ፈልጉ። ስትፈልጉ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ብቻ አትጻፉት። «ሴላሲ»፣ «ሴላሴ»፣ «ኔገስ»፣ «ኢምፐረር ኦፍ ኢትዮጵያ»፣ «አቢሲኒያ»፣ «ላየን ኦፍ ጁዳ»፣ ሁሉንም ሞክሩ። የመዝገብ ሠራተኛው በጊዜው በመሰለው ነው የመዘገበው። ያገኛችሁትን ሌሊት ኔትወርኩ ቀለል ሲል በጥሩ ጥራት አውርዱት። በየቀኑ ከኢንተርኔት እያያችሁ ዳታ አትጨርሱ፣ ለዚህ ሥራ አንዱን ደቂቃ አርባ ጊዜ ነው የምታዩት።

ቀለም የተቀባ፣ «በኤአይ የጠራ» የሚባለውን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ቀለሙ የሶፍትዌር ግምት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ጥራትም እንዲሁ፤ ፕሮግራሙ ያልነበረ ሽብሽብ፣ ያልነበረ ብርሃን ዓይን ላይ ይጨምራል። ያ ብርሃን እንባ ይመስላል። ልጁ ያሳየን ቪዲዮ እንደዚያ ነበር፤ ጋሼ ያዩት እንባ ከየት እንደመጣ የገባኝ ቤት ገብቼ ዋናውን ካየሁ በኋላ ነው።

ድምፁን ዝጉ

ይኼ የጽሑፌ ዋና ነገር ነው። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ያለ ድምፅ እዩት። ተራኪው የሚናገረው ከሥዕሉ በኋላ፣ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ፣ አለቃው በሚፈልገው መንገድ የጻፈውን ነው። እሱ እዚያ አልነበረም። ካሜራው ግን ነበር። ሁለቱን ምስክሮች ለየብቻ ካልጠየቃችኋቸው አንዱ የሌላውን አፍ ይዘጋዋል።

ጭብጨባውንና ጩኸቱንም አትመኑ። የዚያን ዘመን የዜና ካሜራማን ብዙ ጊዜ ድምፅ በማይቀዳ ካሜራ ነበር የሚሠራው። የሕዝብ ጩኸት ከድምፅ ማኅደር ወጥቶ ይለጠፋል። የአንዱ አገር ስታዲየም ጩኸት የሌላው አገር አቀባበል ሊሆን ይችላል።

ቃል ከሥዕል ጋር ሲጣበቅ የሚያመጣውን ጣጣ ለማየት የቻምበርሌንን ፊልም ውሰዱ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በፈረንጆቹ 1938 ከሂትለር ጋር ተስማምተው ከሙኒክ ተመልሰው ሄስተን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወረቀት ሲያውለበልቡ ያላየ የለም። «ሰላም ለዘመናችን» ያሉትም እዚያው ይመስለናል። እዚያ አላሉትም። ያን ያሉት በኋላ፣ ዳውኒንግ ስትሪት፣ መስኮት ላይ ቆመው ነው። ይኸው እስከ ዛሬ የዓለም ሕዝብ የአንዱን ቦታ ቃል በሌላው ቦታ ሥዕል ላይ እየሰማ ይኖራል።

ድምፁን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጅ ተመራማሪ የምንበልጥበት ነገር አለ፤ አማርኛ እንሰማለን። ጃንሆይ በይፋ ሲናገሩ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት፣ ጄኔቭ ላይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው እንኳ በአማርኛ ነው የተናገሩት። ብዙ የዜና ፊልም ውስጥ ተራኪው እላያቸው ላይ ይናገርና የእሳቸው ድምፅ ከሥር ይቀራል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። አንዳንዴ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይያዛል። ተራኪው «አመሰገኑ» ያለው ቦታ ላይ ስለ ሌላ ነገር እየተናገሩ ታገኟቸው ይሆናል፤ ይህን ጃማይካ ያለ ወንድማችን በራሱ ጆሮ ሊያገኘው አይችልም።

እየቆረጡ መመዝገብ

አሁን ደብተሩን አውጡ። ምስሉ በተለወጠ ቁጥር፣ ማለትም በየቁርጡ፣ አንድ መስመር ጻፉ። ስንት ሰከንድ ላይ ተጀመረ፣ ስንት ላይ አለቀ፣ ካሜራው የት ቆሟል፣ ማን ይታያል፣ ወዴት ያያል። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ የኮማና የነጥብ ቁልፎቹን ብትጫኑ አንድ አንድ ፍሬም (አንድ ቋሚ ሥዕል ማለት ነው) ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሄድላችኋል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ደግሞ የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ፊደል ያንኑ ትሠራለች፣ ግን ወደ ፊት ብቻ። በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ስለዚህ አንድ የእጅ ሰላምታ ብቻ አርባ ሃምሳ ሥዕል ይኖረዋል።

ይኼ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ካሜራውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዘመኑ ጋዜጠኞች በብዛት የሚይዙት ባለ 16 ሚሊሜትር ካሜራ ብዙዎቹ እንደ ሰዓት በስፕሪንግ የሚጠመዘዙ ናቸው። አንዴ ጠምዝዘኸው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይቀርጻል፣ ከዚያ መልሶ መጠምዘዝ ነው። ፊልሙ ደግሞ መቶ ጫማ ርዝመት ያለው ጥቅል ከሆነ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ካለቀ ጥላ ሥር ገብቶ መለወጥ ያስፈልጋል፣ ያውም በዚያ ግርግር መካከል ሰው እየገፋህ። ካሜራማኑ ስለዚህ ይቆጥባል። ይሆናል ያለውን ይቀርጻል፣ ሲጠብቅ የዋለውን አይቀርጽም።

ያን ቀን ደግሞ ዋናው ነገር መጠበቁ ነበር። ጃንሆይ ተመልሰው አውሮፕላኑ ውስጥ የቆዩት በተለያዩ ሰዎች ትረካ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው። ፊልሙ ላይ ግን በሩ ላይ ብቅ ሲሉና ደረጃውን ሲወርዱ መካከል አንድ ቁርጥ ብቻ ነው ያለው። ዓይናችሁን ስትጨፍኑና ስትገልጡ ግማሽ ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ልጁ «አልወርድም አሉ» ያለው ነገር ሙሉ በሙሉ ያለው በዚያ ቁርጥ ውስጥ ነው። ያልተቀረጸን ነገር ፊልሙ ሊነግረን አይችልም። ደብተራችሁ ላይ እዚያ ቦታ ላይ ቀይ መስመር አስምሩበት።

የሕዝቡ ፊት በቅርብ የሚታይባቸውን ቁርጦችም ጠርጥሩ። አዘጋጁ ጃንሆይ ሲያውለበልቡ ያሳይና ወዲያው የምታለቅስ ሴት ያስገባል። እሷ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው? ከአንድ ሰዓት በፊት ይሆን? ጥላዋን እዩ። ኪንግስተን በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከሞላ ጎደል አናት ላይ ናት፣ ጥላ እግር ሥር ይሰበሰባል። እኛም ጋ ያው ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ከወጣላችሁ ቀን 6 ሰዓት ላይ ጅማ መንገድ ላይ ውጡና ጥላችሁን እዩት፣ በ9 ሰዓት ደግሞ ተመልሳችሁ ውጡና በእርምጃ ለኩት። ልዩነቱን አንዴ በእግራችሁ ካወቃችሁት ፊልም ላይ ሁለት ቁርጥ የአንድ ሰዓት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ብዙም አትቸገሩም። ዝናቡም እንደዚሁ ነው። ራስታዎቹ ጃንሆይ ሲደርሱ ዝናቡ ቀጥ አለ ይላሉ። አስፋልቱ ሥዕል ያንጸባርቃል? ልብስ ሰውነት ላይ ተጣብቋል? የተዘረጋ ጃንጥላ አለ? በየትኛው ቁርጥ ላይ?

ደረጃው ላይ ያለው ሰው

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ፕላኖ ደረጃው ላይ የሚታይባቸውን ፍሬሞች ለዩና ፍጥነቱን ወደ ሩብ (0.25) ዝቅ አድርጋችሁ አጫውቷቸው። መጀመሪያ ጃንሆይን አትዩ። እጁን እዩ። ቀጥሎ የወታደሮቹንና የባለሥልጣኖቹን ዓይን እዩ። ማን ይገፋል? ማን ይፈቅዳል? ማን ግራ ገብቶታል? በፕሮቶኮል ሕግ አንድ ተራ ዜጋ የአገር መሪ አውሮፕላን ደረጃ ላይ መውጣት የለበትም፤ ያውም መንግሥቱ ራሱ ሲያሳድደው ከኖረ ማኅበር የመጣ ሰው።

ተራኪዎቹ «አንድ ራስታ» እያሉ ያልፉታል። ፕላኖ ግን ለጃንሆይ አዲስ ሰው አልነበረም። በፈረንጆቹ 1961 ከጃማይካ ወደ አፍሪካ በተላከው የልዑካን ቡድን ውስጥ ነበር፣ አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ ፊት ቀርቧል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ያንኑ አሥር ሰከንድ ድገሙት። ቀድሞ ወረራ የመሰለው ነገር የሚተዋወቁ ሰዎች ንግግር ሆኖ ይታያችኋል። ሥዕሉ አልተለወጠም፣ እናንተ የያዛችሁት መረጃ ነው የተለወጠው። ለዚህ ነው ፊልምን ለብቻው መመርመር የማይቻለው።

የሌለውንም ፈልጉ። የጃማይካ ጠቅላይ ሚኒስትር ቡስታማንቴ ታመው ስለነበር በቦታቸው የነበሩት ዶናልድ ሳንግስተር ናቸው። አገረ ገዥው ክሊፎርድ ካምቤል ነበሩ። ሁለቱን በፎቶ ለይታችሁ እወቁና ፊልሙ ላይ የት እንዳሉ፣ በስንተኛው ሰከንድ እንደጠፉ መዝግቡ። ባለቤቱ ከራሱ ድግስ ላይ በሕዝብ ተገፍቶ ሲወጣ ፍሬም በፍሬም ታያላችሁ።

እንባውስ? እኔ ባየኋቸው ቅጂዎች ላይ የጃንሆይ ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ከዚያ ርቀት እንባ ምስል ላይ አይታይም። እጃቸው ወደ ፊታቸው ከሄደ ያን መጻፍ ትችላላችሁ፣ «እጅ ወደ ፊት ሄደ» ብላችሁ፣ ሰከንዱን ጨምራችሁ። «እንባ ጠረጉ» ግን አትበሉ፤ ላብም ይጠረጋል። አልቅሰዋል የሚሉ እዚያ የነበሩ ሰዎች አሉ፣ ቃላቸው ዋጋ አለው። ግን እሱ የሰው ምስክርነት ነው፣ በሌላ ገጽ ላይ ይጻፍ። ጋሼንና ልጁን ያጣላቸው ሁለቱን ገጾች መደባለቃቸው ነው። ራስታዎቹ ጃንሆይ ነገሩን ብለው የሚናገሩትም፣ መጀመሪያ ጃማይካን ነፃ አውጡ ከዚያ ወደ አፍሪካ ተመለሱ የሚለው፣ ያው በዚያ ገጽ ላይ ነው የሚገባው።

100,000 ሰው

ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ዝም ብላችሁም አትጣሉ። አስሉት። ሰው ሳይጨናነቅ ሲቆም በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሰው ገደማ ነው። ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፋ አራት ይደርሳል። መካከለኛውን ሁለት ብንይዝ 100,000 ሰው 50,000 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ሰባት የእግር ኳስ ሜዳ ማለት ነው። አሁን ሕዝቡ ከላይ የተቀረጸበትን ቁርጥ ፈልጉና አውሮፕላኑን እንደ ሜትር ተጠቀሙበት። ከሥር የተቀረጸው አይረዳችሁም። ይህን ለማመን ሐሙስ ቀን ገበያ ውጡ። መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁን ዙም አድርጋችሁ ቅረጹ፣ ከዚያ አንድ ፎቅ ላይ ወጥታችሁ ያንኑ ቦታ ቅረጹት። ከታች መርፌ የማያስጥል ሕዝብ የመሰለው ከላይ ሲታይ በመካከሉ ከነጭነቱ የሚያልፍ አህያ አለበት።

ወረቀቱ

የአዲስ ዘመንን የሚያዝያ 1958 እትሞች አዲስ አበባ ቤተ መዛግብት ወይም ዩኒቨርሲቲው ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሄዳችሁ ፈልጉ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ስጡት። በጃማይካ በኩል ከፈረንጆቹ 1834 ጀምሮ ያለው ግሊነር ጋዜጣ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንዱ ስለ ክብር ሲጽፍ ሌላው ስለ ግርግር ይጽፍ እንደሆነ እዩ። ቀን ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ኢንተርኔት ላይ ይህንኑ ጉብኝት «1959» እያለ የሚጽፍ ስንት ሰው አየሁ!

በነገራችን ላይ ቤታችሁ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የድሮ ፊልም ካለ ማሽን ላይ አታጫውቱት። ክፈቱትና አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። የጅማ እርጥበት ለፊልም ጠላት ነው።

ሳይነግሩ ማሳየት

የመጨረሻው ሥራ ፊልሙን ለትልልቅ ሰዎች ማሳየት ነው። ድምፁን ዘግታችሁ፣ ጽሑፉን ሸፍናችሁ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትናገሩ። «እዚህ ላይ የሚያለቅሱትን አዩ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ያያሉ። «ምን ያያሉ?» ብቻ በሉ፣ ዝም በሉና ጻፉ።

እኔ እሑድ ዕለት ዋናውን ቅጂ ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጃንሆይን ወዲያው አወቋቸው፣ ያን መከልከል አይቻልም። ሁለት ጊዜ አዩትና ሦስተኛው ላይ «አቁመው እስቲ» አሉኝ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ፣ ጃንሆይ ላይ ሳይሆን ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ላይ። «እኛ ተማሪ ሆነን ለአቀባበል መንገድ ዳር ስንሰለፍ ሕዝቡ ከገነፈለ አንድ ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው። መንገድ ክፈቱ እያለ ነው። እጁን ተመልከት።»

እንባ የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አላነሱም። ሰከንዱን ጻፍኩና ከአጠገቡ «ጋሼ፣ እሑድ፣ ያለ ድምፅ» ብዬ ጨመርኩበት።